ካያክ ላይ ሁለት ሮድ ይበቃል

ካያክ ላይ ከሁለት ሮድ በላይ የሚጭን ሰው ዓሣ ማጥመድ አይደለም የሚወደው፣ ክር መፍታት ነው። ይህ የእኔ አቋም ነው። ጓደኛዬ አይቀበለውም ነበር። እሱ ለአንድ ሰው ብቻ በምትበቃው ጠባብ ጀልባ ላይ አራት የማጥመጃ ዘንግ ጭኖ ነው የሚወጣው። ከጀርባው እንደ ጃርት እሾህ ቆመው ይታያሉ። አንዱን ለመወርወር እጁን ወደ ኋላ ሲል ሌላውን ይመታል፣ ክሩ ከክሩ ይተበተባል፣ እሱ አቀርቅሮ ሲፈታ ፀሐይ ትወጣለች።

«መቀስ ላቀብልህ?» እለዋለሁ ከራሴ ካያክ ላይ ሆኜ።

«አንተ የራስህን ያዝ።»

«የራሴማ ተይዟል። ሁለት ብቻ ስለሆነ።»

እንዲህ እየተባባልን ነው የምንውለው።

ሁለታችንም በሱዳን በኩል በስደተኛ ወረቀት ነው አሜሪካ የገባነው፤ የተዋወቅነው ግን እዚሁ ላስ ቬጋስ ነው። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ነዳ። እኔ ካዚኖ ውስጥ ሳህን አጠብኩ። በኋላ ሱፐርቫይዘር አሉኝ፤ ሱፐርቫይዘር ማለት ሳህኑንም ታጥባለህ፣ ከሺፍቱ ሰው ሲቀርም የምትጠየቀው አንተ ነህ ማለት ነው። ጡረታ የወጣነው በአንድ ዓመት ነው። ሚስቴ ካረፈች በኋላ ግሪን ቫሊ ያለው ቤቴ ውስጥ ጠዋት ጠዋት መቀመጥ አቃተኝ። ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ድምፁን አጠፋለሁ፤ መልሼ ድምፁን እከፍታለሁ፤ ደግሞ አጠፋለሁ። ልጄ ሰመርሊን ነው የምትኖረው፣ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ። በየእሁዱ ትመጣለች። እሁድ ግን አንድ ቀን ነው።

ዓሣ ማጥመዱ የእኔ ሐሳብ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው፤ ስለ ዓሣ የሚነግረኝ ሰው አልፈልግም። እሱ የመንዝ ሰው ነው፤ የሚያውቀው ገብስና በግ ነው። ከቆርቆሮ ውጭ በሕይወት ያለ ዓሣ ያየው አሜሪካ ከመጣ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን የያዘ ቀን ብዙ ሰዓት ፊት ለፊቱ ይዞ አየውና «ይሄ ነገር ዓይኑን አይጨፍንም እንዴ?» አለኝ።

ካያኮቹን የሸጠልን ወደ አሪዞና የሄደ ፈረንጅ ጎረቤቴ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ። የእሱ አረንጓዴ፣ የእኔ ቢጫ። እሱ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሚኖር ሁለቱም እኔ ግቢ፣ ጋራዡ ጎን ነበር የሚያድሩት። የምናጠምድበት ሐይቅ፣ ሌክ ሚድ፣ ውሃው ከዓመት ዓመት እየሸሸ ባለ ሞተር ጀልባ የሚያወርዱበት ቦታ ሩቅ ሆኗል። ካያክ ይህ ችግር የለበትም። ውሃ እስክታገኝ ጠጠሩ ላይ ይዘኸው መሄድ ነው። ሁለት ሽማግሌ አንዱን ካያክ ከፊትና ከኋላ ይዘን እናደርሳለን፣ ተመልሰን ሌላውን እናመጣለን። ለሁለት ሰው ቀላል ነው።

የመጀመሪያ ሮዴን የመረጥኩት በጉልበት ነው። ሱቅ ገብቼ ከሁሉም ወፍራሙን አነሳሁ፤ መያዣው ከክርኔ አልፎ ይሄዳል። ባሕር ዳርቻ ቆሞ ለሚወረውር ሰው የተሠራ መሆኑን ማን ይንገረኝ። ካያክ ላይ ተቀምጠሃል፣ እግርህ ተዘርግቷል፣ ደረትህ ላይ ላይፍ ጃኬት አለ። ስወረውር የመያዣው ጫፍ ላይፍ ጃኬቱን ይይዘዋል፣ ስስብ ሆዴን ይወጋኛል። ሦስት ሳምንት ታገልኩት። ጓደኛዬ «ይሄ ዓሣ ማጥመጃ ነው ወይስ የድንኳን ምሰሶ?» ስላለኝ በእልህ አራተኛ ሳምንት ያዝኩት።

በኋላ ነው የገባኝ። ለካያክ ከሪሉ፣ ክሩ ከሚጠነጠንበት፣ በታች ያለው መያዣ አጭር፣ ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ መሆን አለበት። ከሪሉ በላይ ያለው ግን ረዘም ይበል፤ ጠቅላላ ቁመቱ ከረጅም ሰው ቁመት ትንሽ ቢበልጥ ደግ ነው። ርዝመቱ ለመወርወር ብቻ አይደለም። ባስ የሚሉት ዓሣ ሲያዝ ካያክህ ስር ገብቶ በሌላው ጎን ይወጣል። ያኔ ሮድህን በካያኩ አፍንጫ በኩል ማዞር ካልቻልክ ወይ ክሩን ይቆርጠዋል ወይ ሮዱን ይሰብረዋል። ጫፉ ለስላሳ፣ ወገቡ ጠንካራ ይሁን። ጫፉ ዓሣው ሲቀምስ ይነግርሃል፣ ወገቡ ዓሣውን ያመጣልሃል። ይህን ያህል ለማወቅ ሁለት ሮድ ሰብሬአለሁ።

ማታለያ መምረጥ ደግሞ የእሱ ሥራ ነበር። ማታለያ የምለው ፈረንጆቹ ሉር የሚሉትን፣ የላስቲኩን ትልና የፕላስቲኩን ዓሣ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ሁሉ ደቃቅ እንግሊዝኛ ነው። እኔ እንግሊዝኛን በጆሮ እንጂ በዓይን አላውቀውም። እሱ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ጋዜጣ እያነበበ የኖረ ሰው ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ማሸጊያውን አፍንጫው ድረስ ያስጠጋና ያነብልኛል። ይሄ ይጠልቃል፣ ይሄ ይንሳፈፋል፣ ይሄ ለጠራ ውሃ፣ ይሄ ለደፈረሰ።

አንድ ጊዜ ያለ እሱ ሄጄ ወርቃማና ቀይ፣ እንደ ጥምቀት ጥላ የሚያብለጨልጩትን ሰብስቤ መጣሁ። ሰው ከሩቅ ካየው ዓሣም ያየዋል ብዬ። ጓደኛዬ ሳጥኑን ከፍቶ አየና «ታቦት ልታስወጣ ነው?» አለኝ። እዚያ ውሃው የጠራ ነው። ከካያክህ ጎን ብታጎነብስ ድንጋዩ ከታች ይታይሃል። በጠራ ውሃ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር ባሱን ያባርረዋል እንጂ አያመጣውም። እዚያ የሚሠራው ጭስ የመሰለ ወይም እንደ ደረቀ ሣር ያለ ቀለም የያዘ የላስቲክ ትል ነው። የመንጠቆውን ጫፍ ትሉ ሆድ ውስጥ ትደብቀዋለህ፣ ድንጋይና ቁጥቋጦ እንዳይዝ። ትወረውረዋለህ፣ እስኪጠልቅ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ምንም አታደርግም። ከባዱ ይሄ ምንም አለማድረጉ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ልክ የነበርኩት እኔ ነኝ። ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ፣ ያ ፕላስቲኩ ዓሣ ሆድና ጭራ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ካያክ ላይ አይወጣም። ቦታው ጠባብ ነው። ዓሣው አንዱን ነክሶ ጭንህ ላይ ሲንፈራገጥ ሌላው ሱሪህን ይይዛል፣ ከሱሪህ ቀጥሎ ያለው ደግሞ አንተ ነህ። ጓደኛዬ አልሰማኝም። አንድ ብርማ የፕላስቲክ ዓሣ ነበረችው፣ ከሁሉም የሚወዳት፣ ሁለት ባለ ሦስት ጥርስ ያላት። በእሷ የተነሣ አንድ ቀን ሱሪውን ጭኑ ላይ በመቀስ ቆርጬ ነው ያስለቀቅኩት። ለሚስቱ ሽቦ ቀደደው አልናት።

የምንወጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሁሉንም ዘርግተን እንከራከራለን። ነገ ንፋስ አለ፣ የለም። ትል ይሁን፣ ማንኪያ የመሰለው የሚሽከረከር ማታለያ ይሁን። «አንተ ገብስ በሊታ፣ ስለ ውሃ ምን ታውቃለህ?» እለዋለሁ። «ሐይቅ ዳር የተወለደ ሁሉ ዓሣ አጥማጅ ቢሆን እንቁራሪቱም ሮድ በገዛ» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ከማክሰኞው ይልቅ የምወደው ሰኞውን ነበር። ያን ጊዜ ግን አላወቅኩም።

የተጣላነው አምና በሁዳዴ ነው።

መጋቢት ላይ ባሱ ዕንቁላሉን ለመጣል ወደ ዳር ይወጣል፤ በዓመት ውስጥ ማጥመድ የሚቀለው ያኔ ነው። ሁዳዴም የሚውለው ያኔ ነው። እሱ በጾም የያዘውን ሁሉ መልሶ ይለቀዋል። እኔ ወስጄ ጠብሼ እበላለሁ። እኛ ዝዋይ ዓሣ የሚበላው በጾም ነው፤ አባቴ እንደዚያ ጾሞ ኖሮ እንደዚያ ጾሞ ነው የሞተው። ጓደኛዬ ዓሣ ያው ሥጋ ነው ይላል። ቄሶቹም እንደዚያ ነው የሚሉት፣ አልክድም። በየካያካችን ላይ ሆነን ለዓመታት ተከራክረንበታል። ውሃ ላይ ሲሆን ጨዋታ ነበር።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሽሮውን እየበላን አንድ ሰው «እናንተስ፣ ዓሣውን እስከ ፋሲካ ተዋችሁት?» ብሎ ጠየቀ። ጓደኛዬ ፈገግ እያለ «እኔ ትቻለሁ። የእሱን ግን መጥበሻውን ጠይቁት» አለ። ሰው ሳቀ። የነፍስ አባቴ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ነበሩ፤ እሳቸው አልሳቁም። ዞር ብለው አዩኝ።

ሳህኔን ይዤ ተነሣሁ። ፓርኪንጉ ድረስ ተከተለኝ።

«ለቀልድ እኮ ነው» አለኝ።

«ካያክ ላይ ቀልድ ነው። እዚህ ክስ ነው።»

«ታዲያ ውሸት ተናገርኩ?»

ይህችን ባይጨምር ኖሮ ነገሩ ያን ቀን ያልቅ ነበር።

ሊያስታርቁን ሁለት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ይቅር ተባባሉና ለፋሲካ አብራችሁ ፈስኩ አሉኝ። «እኔ ከማንም ጋር አልተጣላሁም፤ ዓሣ ነው የበላሁት» አልኳቸው። ሌላ ጊዜም መጡ። ሻይ አፍልቼላቸው ያንኑ ደገምኩላቸው። ሦስተኛ አልመጡም። ለእርቅ የመጣን ሰው ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን መለስኩ ማለት ነው። ሚስቴ ብትኖር ይህን አታስደርገኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ብቻዬን ወጣሁ። ቢጫውን ካያክ አፍንጫው ላይ ገመድ አስሬ እጎትተዋለሁ፤ አምስት እርምጃ፣ እረፍት፣ አምስት እርምጃ። ሰኞ ከሰዓት ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሮድ አስቀምጣለሁ። የሚቃወመኝ የለም። የሚቃወምህ ሰው ከሌለ ምርጫ የሚባል ነገር የለም፣ እጅህ የነካውን ታነሣለህ። ሱቅ ገብቼ ማሸጊያዎቹ ፊት ቆሜ ቀለማቸውን አያለሁ። ሠራተኛዋ መጥታ ልርዳህ ስትለኝ «ኖ፣ ኖ» እላታለሁ። አንድ ጊዜ የሚጠልቅ ትል መስሎኝ የገዛሁት የሚንሳፈፍ ሆነ። ቀኑን ሙሉ እንደ ወደቀ ቅጠል ውሃው ላይ ሲዋኝ ዋለ። የሚያስቅ ነገር ነበር። የሚያየኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እስቅ ነበር።

አረንጓዴው ካያክ ጋራዡ ጎን ተገልብጦ ቀረ። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደብዳቤ ጻፈብኝ። ልጄ እሁድ መጥታ አነበበችው።

«አባዬ፣ ከመንገድ ይታያል ነው የሚሉት። ካያኮቹን ሙቭ አድርጋቸው።»

«የትኛውን?»

«ሁለቱንም። ግን ለምን አረንጓዴውን አትሸጠውም? ማንም ዩዝ አያደርገውም።»

«የእኔ አይደለም።»

«ኦኬ፣ ለባለቤቱ ደውልለት።»

«ከፈለገው እሱ ይደውል።»

ደብዳቤውን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ትንሽ አየችኝ። «ሁለታችሁም ሰባ አልፏችኋል፣ አባዬ» አለች።

«ታዲያስ?»

«ምንም። ማለቴ፣ ሰባ አልፏችኋል።»

በነጋታው ፒክአፔን ከጋራዥ አውጥቼ ካያኮቹን አስገባሁ። ፒክአፑ ፀሐይ ላይ ማደር፣ ማለቴ መዋል ጀመረ። መሪው በቀትር አይጨበጥም። ቢሆንም አልሸጥኩትም።

ዘንድሮ ሁዳዴ አራተኛው ሳምንት ላይ፣ ዓርብ ቀን፣ የጓደኛዬ ሚስት ደወለች። ደህንነቴን ጠየቀችኝ፣ ልጄን ጠየቀችኝ፣ ከዚያ «ልጃችን ሚኒሶታ ቤት ገዝቶ ኑ ብሎናል» አለችኝ። «የፊታችን ሐሙስ እንሄዳለን። ያን ካያክ ይሽጡት፣ ወይም ለሰው ይስጡት።»

«እሱ ነው እንደዚያ ያለው?»

«እሱማ መች አፉን ይከፍታል። የእርስዎ ነገር ሲነሣ ክፍሉን ለቆ ይወጣል። እኔ ነኝ የምለው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በጣቴ ቆጠርኩ። ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። መካከሉ ላይ አንድ ማክሰኞ አለ። ያ ማክሰኞ ካለፈ እኔና እሱ በዚህ ዓለም አንድ ውሃ ላይ አንሆንም። በዚህ ዕድሜ ሚኒሶታ የገባ ሰው ላስ ቬጋስን ለመጎብኘት አይመለስም። ማክሰኞን ፈለግኳት። ይቅርታ ግን አልጠይቅም፤ ዓሣ ነው የበላሁት። ሦስት ቀን ሙሉ ያሰብኩት ይቅርታ ሳልጠይቅ እንዴት ውሃ ላይ እንደማወጣው ነው።

ሰኞ ከሰዓት ጋራዥ ገባሁ። የራሱን ሮዶች ለመንገድ ብሎ እንደሸጣቸው ሚስቱ ነግራኛለች፤ ስለዚህ ከእኔ መምረጥ ነበረብኝ። አራት ላስብለት አልኩና ተውኩት። ለሰው ሲባል የሚለቀቅ ነገር አለ፣ የማይለቀቅም አለ። ሁለት ይበቃዋል።

እሱ ግራኝ ነው። በግራው ይወረውራል፣ በቀኙ ያጠነጥናል። የእኔ ሪሎች ሁሉ እጀታቸው በግራ ነው። እጀታውን ነቅሎ ወደ ቀኝ ማዛወር ይቻላል፣ ብሎኗ ግን አሸዋ ገብቶባት አልፈታ አለች። ዘይት ጠብ አድርጌ ጠበቅኩ፣ በጨርቅ ይዤ አዞርኩ፣ እንደገና ጠበቅኩ። ሁለቱን ስጨርስ መዳፌ ቀልቶ ነበር። ልሞክረው ብዬ አንዱን ያዝኩት፣ እጄ ግራ ገባው። በራሴ ሪል ማጠንጠን አቃተኝ።

አንደኛው ሮድ ላይ ጭስ የመሰለውን ትል አሰርኩ። ጠዋት ውሃው የረጋ ይሆናል፣ ባሱም ዳር ነው፣ ማንም ቢሆን ይህን ነው የሚያስረው። ሁለተኛው ላይ ነው የቆምኩት። ንፋስ ቢመጣ የሚሽከረከረው ማንኪያ ይሻላል፣ አንድ መንጠቆ ብቻ ነው ያለው፣ ማንንም አይጎዳም። አወጣሁት፣ ክሩን አስገባሁ፣ መልሼ አወጣሁ። ከዚያ መደርደሪያው ላይ የእሱን አሮጌ ሳጥን አወረድኩ። ብርማዋ ዓሣ አቧራ ለብሳ እዚያው ነበረች፣ ከሁለት ባለ ሦስት ጥርሷ ጋር። በሸሚዜ ጠረግኳት። ካያክ ላይ አትወጣም ያልኩት እኔ ነኝ። አሰርኳት። ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩት፤ ዓይኔ ነው መሰለኝ።

ማክሰኞ ገና ሲነጋ ሁለቱን ካያክ ፒክአፑ ላይ ጭኜ አፓርታማው ሄድኩ። በሩን የከፈተው እሱ ነው። በካልሲ ነበር። ከኋላው ካርቶን በካርቶን ላይ ተደርድሯል። ከስቷል። እሱም እኔን አይቶ ያንኑ ያሰበ ይመስለኛል።

«ካያክህን ልመልስልህ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ የት አባቴ ላደርገው ነው?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ውሃ ላይ ማድረግም ይቻላል።»

ወደ ውስጥ አየ፣ ወደ እኔ አየ።

«እየጾምኩ ነው» አለኝ።

«እኔም እየጾምኩ ነው።»

«የአንተን ጾም አውቀዋለሁ።»

ሚስቱ ከጓዳ «አንተ ሰውዬ፣ ውጣልኝ እስቲ» አለች። «እግሬ ስር እየዞርክ ዕቃ ማሸግ አቃተኝ። ሂድ፣ ንፋስ ይንካህ።»

ጫማውን አጠለቀ።

መንገድ ላይ ሬዲዮኑን ከፈተ፣ ዘጋው። ሐይቁ ጋ ስንደርስ አረንጓዴውን እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ይዘን ጠጠሩን ወረድን፤ ተመልሰን ቢጫውን አመጣን። ከዚያ የእሱን ሁለት ሮዶች አቀበልኩት። አንዱን በግራ እጁ ያዘና የሪሉን እጀታ በቀኙ ዞር አደረገው። ቆመ።

«ማን ነው ይሄን የገለበጠው?»

«ማን ይገለብጠዋል?»

ሁለተኛውን አየው። ብርማዋን ዓሣ በጣቱ አነሣት፣ መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ ነካቸው፣ ቋጠሮውን ሳብ አድርጎ ሞከረው።

«ይህችንስ አንተ ነህ ያሰርካት?»

«እኔ ነኝ።»

«ካያክ ላይ?»

«ሱሪው ያንተ ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ወደ ውሃው ዞረ።

ትንሿ ገባ ያለች ቦታ ላይ፣ ቀዩ ድንጋይ ከንፋስ በሚከልላት በኩል ገባን። ውሃው እንደ ብርጭቆ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል እሱ በአንዱ ዳር እኔ በሌላው ወረወርን። የእሱ ሪል ስትጠነጠን የምታሰማው ድምፅ እኔ ድረስ ይመጣል። ዓመት ሙሉ የራሴን ብቻ ነበር የምሰማው። ስለ ምንም አላሰብኩም። ትሌን ለቅቄ ምንም ሳላደርግ ቆየሁ፤ ያን ቀን ከባድ አልነበረም።

ከዚያ የእሱ ሮድ ሲጎብጥ አየሁ። ብርማዋ ያለችበት ሮድ ነበር። ባሱ ከካያኩ ስር ገባ፣ ጓደኛዬም ሮዱን በካያኩ አፍንጫ በኩል አዞረው፣ በደንብ አዞረው። አፈ ሰፊ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው፣ የክንዴን ግማሽ የሚያህል ዓሣ አወጣ። በሁለቱም መንጠቆ ነበር የተያዘው። ጉልበቱ ላይ ፎጣ ዘርግቶ ቀስ ብሎ ፈታው። ያንን ፎጣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

በጾም መልሶ መልቀቅ ልማዱ ነው። አሁንም ይለቀዋል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን በአንድ እጁ ዓሣውን በሌላው መቅዘፊያውን ይዞ እየተንገዳገደ ወደ እኔ ቀዘፈ። አጠገቤ ሲደርስ እግሬ መካከል ወረወረው።

«እንካ» አለኝ። «ጹምበት።»

ሳቅኩ። እንደዚያ የሳቅኩት መቼ እንደነበር አላስታውስም። ካያኬ ተወዛወዘ፣ ዓሣው ሲንፈራገጥ ውሃ ረጨብኝ፣ እኔ እስቃለሁ። እሱ አልሳቀም። የእኔን ካያክ ጠርዝ በእጁ እንደያዘ፣ ውሃ ውሃውን እያየ፣ «ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ…» ብሎ ጀመረ።

«ንፋስ እየመጣ ነው» አልኩት።

እውነት እየመጣ ነበር። ከሐይቁ ማዶ ውሃው ሲጠቁር ይታያል። ግን ገና ሩቅ ነበር። ሊጨርሳት የሚበቃ ጊዜ ነበረው፣ እኔ ነኝ ያልሰጠሁት። ከጀመረ እኔም መናገር ይኖርብኛል ብዬ ይሆናል። ካያኬን ለቀቀና «እንውጣ እንግዲህ» አለ። ወጣን።

አፓርታማው በር ላይ ሳወርደው ካያኩን ምን ላድርገው አላልኩትም፣ እሱም አላለኝም። እጄን ጨበጠኝ፣ ትከሻዬን በትከሻው ነካ፤ ሽንት ቤት የቸኮለ ሰው ይመስል ደረጃውን ሮጥ እያለ ወጣ። ሐሙስ ሄዱ። ልጁ መጥቶ ነው የወሰዳቸው፣ እኔ ኤርፖርት አልሄድኩም። አልጠሩኝም፣ ቢጠሩኝም አልሄድም ነበር፣ ባልሄድም ያን ቀን ጠዋት ሙሉ ለብሼ ነው የተቀመጥኩት።

ዓሣውን ያንኑ ማክሰኞ ሆዱን ከፍቼ አጠብኩት፣ ቅርፊቱን ፋቅኩት፣ ጨው ነሰነስኩበት። መጥበሻውን ምድጃ ላይ ጣድኩት። ዘይቱ ሲግል አጠፋሁት። በላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ አስገባሁት። የጾም ነገር አሳምኖኝ አይደለም፣ ይህ ይታወቅልኝ። ስለ ዓሣ ያለኝ አቋም ድሮም ያው ነው፣ ዛሬም ያው ነው። ብቻዬን ልበላው አልቻልኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ።

«እንዴት ነው አገሩ?» አልኩት።

«ሐይቁ ገና በረዶ ነው። ሰዎች ላዩ ላይ በእግራቸው ይሄዳሉ።»

«ተው እንጂ።»

«በእግራቸው። ቀዳዳ በስተው በአጭር ሮድ ያጠምዳሉ። የልጅ መጫወቻ የምታክል ናት።»

«መያዣዋስ?»

«ከእጅ አትበልጥም።»

«ካያክ አያስፈልግም ማለት ነዋ።»

«አያስፈልግም» አለ።

እሱ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ይሰማል።

«ያን ዓሣ በላኸው?» አለኝ።

«በላሁት» አልኩት።

ዋሸሁት። አልበላሁም ብለው በሁዳዴ ነገር ያሸነፈኝ ይመስለዋል። ደግሞ አልበላሁም ብለው ለምን ይለኛል፤ ለምን ለሚለው የምሰጠው መልስ በስልክ የሚባል አይደለም።

«ጣፈጠ?»

«ጨው አንሶት ነበር።»

«አንተ ጨው ሁልጊዜ ታሳንሳለህ» አለኝ።

ከጀርባው የልጅ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ጠሩት። «መጣሁ» አላቸው በአማርኛ። አልገባቸውም መሰለኝ ደግመው ጠሩት።

«በል እንግዲህ» አለኝ።

«በል» አልኩት።

ስልኩን ግን እሱም አልዘጋውም፣ እኔም አልዘጋሁትም። እንደዚያ ይዘነው ትንሽ ቆየን።